መቋጠርና መፍታት፦ ለሚዲያ ጥናት ሁለት የአማርኛ ቃላት

«ኢንኮዲንግ» እና «ዲኮዲንግ» የሚባሉት ቃላት በኮሙኒኬሽን ምህንድስና ውስጥ ትርጉማቸው ጠባብ ነው። መሐንዲሱ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት መልእክት ከላኪ ተነሥቶ፣ በመስመር አልፎ፣ ተቀባይ ዘንድ ይደርሳል፤ የተላከውና የደረሰው ከተለያዩ በመካከል ሁከት ገብቷል ማለት ነው። ለስልክ መስመር ይህ ይበቃል። ለዜናና ለተከታታይ ድራማ ግን አይበቃም፤ ድምፁም ምስሉም ጥርት ብሎ የደረሳቸው ሁለት ጎረቤታሞች ከአንድ ዜና የተራራቀ ነገር ሊረዱ ይችላሉና። ጃማይካ ተወልዶ በእንግሊዝ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲን የባህል ጥናት ማዕከል ይመራ የነበረው ስቱዋርት ሆል በ1973 ስለ ቴሌቪዥን ባቀረበው ጽሑፍ እነዚህኑ ቃላት ወስዶ ሌላ ሥራ ሰጣቸው። አዘጋጆቹ በሙያ ልማዳቸው፣ በድርጅታቸው አሠራርና በዘመናቸው አመለካከት እየተመሩ ከአንድ ድርጊት ወሬ ይሠራሉ፤ ተመልካቹም በኑሮውና በሚያውቀው እየተመራ ከወሬው ትርጉም ይሠራል። ማየትም ሥራ ነው።

ለነዚህ ቃላት «ኮድ ማድረግ» እና «ኮድ መፍታት» ማለት ወደ ሻነን የስልክ መስመር ይመልሰናል፤ ኮድ መልሱ አንድ ብቻ የሆነ ነገር ነው። እኔ የምመርጠው «መቋጠር» እና «መፍታት» የሚለውን ነው። ስንኝ ይቋጠራል፤ ቅኔ ይፈታል፤ ሕልምም ይፈታል። ፍቺ የትዳር መፍረስም ስም መሆኑ እንቅፋት አይሆንም፤ የቃል ፍቺ ማለት የተለመደ አነጋገር ነው። ከበድ ያለው ተቃውሞ የሚመጣው ከቅኔው በኩል ነው። ባለቅኔ ወርቁን ሆን ብሎ ከሰሙ በታች ይሸሽጋል፤ ሰሚው ወርቁን ካላገኘ ቅኔው አልተፈታለትም። የዜና አዘጋጅ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሸሽገው ነገር የለውም፤ የሆል ተመልካችም አዘጋጁ ያላሰበውን ቢያነብ ተሳሳተ አይባልም። ተቃውሞው እውነት አለው፤ ቋጠሮ ግን ከቅኔ ይሰፋል። ወይዘሮ ብሯን በመቀነቷ ጫፍ የምትቋጥረው እንዳይጠፋባት፣ ይዛው እንድትሄድ ነው። አዘጋጁም እንዲሁ ነው፤ ማን ቀድሞ እንደሚናገርና የሠራተኞች ሥራ ማቆም «መብት» ወይስ «ችግር» ተብሎ እንደሚጠራ ሲወስን፣ ምሥጢር ሳያስብ ትርጉም ይቋጥራል። ቋጠሮ ደግሞ በአንድ በኩል ሲስቡት ይቀላል፣ በሌላው ይጠብቃል። ሆል «ተመራጭ ትርጉም» የሚለው ይህን የሚቀለውን ወገን ነው፤ ስለዚህ «ሁሉም እንደፈለገ ይፈታል» የሚል ሰው ሆልን አላገኘውም፤ አዘጋጁም ከተጠያቂነት አያመልጥም።

በሆል አመለካከት ተመልካች ተመራጩን ትርጉም ሊቀበለው፣ ሊደራደርበት ወይም ሊቃወመው ይችላል። ራሱ የሰጠው ምሳሌ ከዘመኑ የእንግሊዝ ፖለቲካ የተወሰደ ነው። የዋጋ ንረትን ለመግታት ሁሉም ደመወዙን ይቀንስ የሚለውን ክርክር ሠራተኛው በቴሌቪዥን ሲሰማ ለአገር ይበጃል ብሎ ይቀበለዋል፤ በራሱ ፋብሪካ ግን ለደመወዝ ጭማሪ ሥራ ለማቆም ፈቃደኛ ነው። ይህ የድርድር ፍቺ ነው። «የአገር ጥቅም» የሚለውን በሰማ ቁጥር «የመደብ ጥቅም» ብሎ የሚፈታው ደግሞ ተጻራሪ ፍቺ ላይ ቆሟል። ይህ የሆል ሐሳብ መጀመሪያ ላይ ግምት ነበር። ተመራማሪው ዴቪድ ሞርሊ «ኔሽንዋይድ» የተባለውን የቢቢሲ ፕሮግራም ለ29 ቡድኖች አሳይቶ ውጤቱን በ1980 ሲያሳትም፣ ፍቺው ከመደብ ብቻ እንደማይመነጭ ታየ፤ ተለማማጅ ሠራተኞች በፍቺያቸው ከባንክ ሥራ አስኪያጆች ጋር ሲቀራረቡ፣ የሠራተኛ ማኅበር ተወካዮች ግን አጥብቀው ተቃወሙ። ከዚህ ይበልጥ የሚያስገርመው ተመራማሪዎቹ ታማር ሊብስና ኢሊሁ ካትስ በእስራኤል «ዳላስ» ስለተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ያጠኑት ነው። በአንድ ክፍል ሱ ኤለን የተባለችው ገጸ ባሕርይ ልጇን ይዛ ከባሏ ሸሽታ ከቀድሞ ወዳጇና ከአባቱ ጋር መኖር ትጀምራለች። አንድ የአረብ ተመልካቾች ቡድን ግን ወደ ገዛ አባቷ ቤት እንደሄደች እርስ በርስ ተስማሙ። ያኮረፈች ሚስት የምትሄድበትን የሚያውቅ ሰው ይህን ከዓይን ድካም አይቆጥረውም፤ ታሪኩን በሚያውቁት ዓለም ሥርዓት ፈትተውታል። ሻነን ሁከት የሚለው ለሆል ዋናው መረጃ ነው።

«ቋጠሮ» የሚለው ቃል የሚጠቅመን ሆል ባልደረሰበትም ቦታ ነው። በሞርሊ ጥናት ከነበሩት ጥቁር ተማሪዎች መካከል ፕሮግራሙ ከኑሯቸው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሆኖ የታያቸው ነበሩ። ሞርሊ ከተጻራሪዎቹ ጎን አሰለፋቸው፤ መልሳቸው ግን ከክርክር ይልቅ ወደ ዝምታ ያደላ ነበር። መቀበልም፣ መደራደርም፣ መቃወምም ቋጠሮውን በእጅ መያዝን ይጠይቃል። እነዚህ ወጣቶች አላነሡትም፤ እንደታሰረ ትተውት አለፉ።