ከችሎት ወደ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ወደ ምርጫ ቦርድ

ጋይንትም ሆነ ስማዳና እስቴ፣ "በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል" የሚለው አባባል አዲስ አይደለም። የወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ታሪክ ደግሞ መንግሥት አልቆም ሲል ምን እንደሚከተል ያሳያል።

1993 ዓ.ም. ሕወሓት ለሁለት ሲሰነጠቅ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳያቸው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ከነበሩት ወ/ሪት ብርቱካን ዘንድ ቀረበ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የታሰረ ሰው በዋስ የመፈታት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ዳኛዋም አቶ ስዬ እንዲለቀቁ አዘዙ። ተጠርጣሪው ግን ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ ተመልሰው ተያዙ። ፓርላማውም በሙስና የተጠረጠረ ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግ በጥድፊያ አወጣ። አቶ ስዬ 6 ዓመት ታሰሩ።

እዚህ ላይ ልብ ይሏል፦ አቶ ስዬ ያን ሥርዓት ካቆሙት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ሥልጣን ላይ ሳሉ ያልተጠናከረው ፍርድ ቤት ሲወድቁ ሊያድናቸው አልቻለም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

ዳኛዋም ወንበሩን ለቀው ወደ ፖለቲካ ገቡ። በ1997ቱ ምርጫ የቅንጅት ምክትል ሊቀመንበር ነበሩ፤ ከምርጫው በኋላ ታስረው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ ሐምሌ 1999 በይቅርታ ወጡ። የአንድነት ፓርቲ ሊቀመንበር ሆኑ። ስለ ይቅርታው የተናገሩትን አስተባብሉ ሲባሉ እምቢ በማለታቸው፣ ታኅሣሥ 2001 ይቅርታው ተነሥቶ የዕድሜ ልክ ፍርዱ ተመለሰባቸው። እስከ መስከረም 2003 አልተፈቱም። አቶ ስዬ አንድነትን ሲቀላቀሉ፣ በዋስ ይፈቱ ያሏቸው ሊቀመንበር እስር ቤት ነበሩ!

ኅዳር 2011 ከአሜሪካ ተመልሰው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። የ2013ቱን ምርጫ መርተው በ2015 ኃላፊነታቸውን ለቀቁ። በምርጫው የሚሞግት ይሞግት፤ ትግራይ ድምፅ አልሰጠም፣ በሌሎች አካባቢዎችም ሳጥን አልተከፈተም። የችሎቷ ትእዛዝ ግን ዛሬም ጥያቄ ያነሣል፦ ፍርድ ቤት "ይፈታ" ያለው ሰው በር ላይ ሲያዝ "ይበለው" የሚል ሁሉ፣ ተራው ሲደርስ በየትኛው ሕግ አምላክ ሊጮህ ነው?