ዋልያስ፣ አይቤክስ፣ ሮሃ እና በዙሪያቸው የነበሩት፦ የአዲስ አበባ ባንዶች ታሪክ በማን ስም ይጻፍ?

መግቢያ

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ጉለሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ የሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ገበያ አለ። እዚያ የሚሸጠው ጋቢና ነጠላ የሚወደሰው በሸማኔው እጅ ነው፤ ጥጡን ዳምጣ፣ ባዝታና ፈትላ ለሸማኔው ያቀረበችው ሴት ግን በምስጋናው ውስጥ የለችበትም። የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክም ሲተረክ የኖረው በዚሁ ልማድ ነው። በመጀመሪያ ረድፍ ድምፃዊው ይቀመጣል፤ ጥቂት ጠለቅ ያለ ጸሐፊ ከሆነ አቀናባሪውንና የባንዱን ስም ይጨምራል። መሣሪያውን የገዛው፣ አዳራሹን የከፈተው፣ ሸክላውን ያሳተመው፣ ድምፁን የቀረጸው፣ በስደት አገር የተቀበለው ሰው ግን ቢበዛ በግርጌ ማስታወሻ ይጠቀሳል። ይህ መጣጥፍ የሚከራከረው ይህ አደራደር መገልበጥ እንዳለበት ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተነሱት የአዲስ አበባ ባንዶች መቼ እንደ ተወለዱ፣ ለምን እንደ ተበተኑና የትኛው ሥራቸው ለእኛ እንደ ደረሰ የወሰኑት በአብዛኛው በዙሪያቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቤተሰብ፣ ስድብና የደንብ ልብስ

በኢትዮጵያ የከተማ ኑሮ ውስጥ ሙዚቀኛነት ለረጅም ጊዜ የተከበረ ሥራ አልነበረም። «አዝማሪ» የሚለው ቃል እንደ ሙያ መጠሪያ ብቻ ሳይሆን እንደ ስድብም ሲያገለግል ኖሯል፤ በጉለሌ ቀጨኔ የሸክላ ሠሪውና የሸማኔው ስም የደረሰበት ዕጣ ከዚህ የተለየ አይደለም። ልጁ ትምህርቱን ትቶ ክራር ወይም ጊታር ይዞ ሲገኝ የሚቆጣ ወላጅ፣ ከልጁ ተሰጥኦ ጋር ሳይሆን ከዚህ ስም ጋር ነበር የሚጣላው። መንግሥታዊዎቹ ኦርኬስትራዎች ማለትም የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊት፣ የምድር ጦር እና በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ያመጡት ትልቁ ለውጥ ኖታና ሳክስፎን ብቻ አልነበረም። ደመወዝና የደንብ ልብስ ሰጥተው ሙያውን ለቤተሰብ ሊነገር የሚችል አደረጉት። ከእነዚህ ተቋማት ጀርባ ደግሞ ሌላ ቤተሰብ ነበር። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውን «አርባ ልጆች» የመራው አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን የአገሪቱን የቀድሞ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ የማዘጋጃ ቤትን፣ የፖሊስንና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ሙዚቀኞች አሠለጠነ፣ አቀናበረላቸው። ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ የተላለፈ የአንድ ስደተኛ ቤተሰብ ሙያ ለኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ መሠረት ከጣሉት አንዱ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም።

የመሣሪያው ባለቤትና የሌሊቱ ጌታ

ደንብ ልብሱ ሙያውን አስከበረ እንጂ ነፃ አላወጣውም። አነስተኛ የሙዚቃ ቡድኖች በሆቴሎችና በምሽት ክበቦች መሥራት ሲጀምሩ አለቃው ከመኮንን ወደ ባለ ክበብ ተለወጠ። ማህሙድ አህመድ መድረክ ላይ የወጣበት መንገድ የእነዚህን ቤቶች ሚና በቅርብ ያሳያል። ማህሙድ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ በሚሰበሰቡበት አሪዞና ክበብ ውስጥ ሁለገብ ሠራተኛ ነበር፤ በ1962 አንድ ምሽት ድምፃዊው ሲቀር ልዝፈን ብሎ ጠየቀ፣ ተፈቀደለት፣ ብዙም ሳይቆይ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ አባል ሆነ። ድምፁ የራሱ ነው፤ ነገር ግን ያ ድምፅ የተሰማው የክበቡ በር ለተላላኪው ልጅም ክፍት ስለነበረ ነው። የዚያ ዘመን የክበብ ሥርዓት ሌላም ገጽታ ነበረው። መሣሪያው በአመዛኙ የባለ ክበቡ ንብረት ነው፤ ሙዚቀኛው በነፍስ ወከፍ ይቀጠራል፣ ሲባረር ባዶ እጁን ይወጣል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከቬነስ ክበብ ሙዚቀኞች የተመሠረተው ዋልያስ ባንድ ታሪካዊ የሆነው የራሱን መሣሪያ ይዞ እንደ አንድ ቡድን መዋዋል በመቻሉ ጭምር ነው። ኃይሉ መርጊያ፣ ሞገስ ሀብቴ፣ መላኬ ገብሬ፣ ዮሐንስ ተኮላ፣ ተማረ ሐረጉና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት የሠሩት በዚህ አቋም ነው። የደርግ ሰዓት እላፊ ሲመጣም ሆቴሉ ከአሠሪነት አልፎ መጠለያ ሆነ፤ ታዳሚው ከመሸ በኋላ ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል ባንዱ እስኪነጋ ይጫወታል። የዋልያስ ረጃጅም የሙዚቃ መሣሪያ ቅንብሮች ያደጉት እንዲህ ባሉ ሌሊቶች ነው።

አሳታሚው

አንድ ባንድ ሌሊቱን ሙሉ ቢጫወት የሚሰማው በአዳራሹ ያለ ሰው ብቻ ነው። ከአዳራሹ የሚያወጣው አሳታሚ ነው፤ አሳታሚነት ደግሞ በሕግ የተዘጋ በር ነበር። በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት ብቸኛ መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ሰጥቶ ነበር። በ1969 ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣቱ አምሃ እሸቴ ይህን ብቸኛ መብት ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ፤ የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች የታተሙት ህንድ ነው። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችንና 12 ረጃጅም ሸክላዎችን አወጣ። የሙላቱ አስታጥቄ፣ የግርማ በየነ፣ የማህሙድና የሌሎችም ሥራ ከባንድና ከአቀናባሪ ጋር ተዛምዶ የተሰነደው በዚህ ሰው ድፍረት ነው። በአሊ ታንጎ ስም የሚታወቀው አሊ አብደላ ካይፋ ተከተለው፤ ማህሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር በ1975 የሠራው «እሬ መላ መላ» የወጣው በእርሱ አሳታሚ ድርጅት በካይፋ ነው። የአስቴር አወቀን የመጀመሪያ ካሴቶች ገንዘብ አውጥቶ ያሳተመውም ይኸው ነጋዴ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ጊታር አልያዙም፣ ዜማ አልደረሱም፤ ነገር ግን የትኛው ድምፅ ሸክላ እንደሚሆን፣ የትኛው በአየር ላይ እንደሚቀር የወሰኑት እነርሱ ናቸው።

ውሳኔያቸው ከዘመናቸውም ተሻግሯል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «እሬ መላ መላ»ን በ1986 በቤልጅየሙ ክራምድ ዲስክስ እንዲታተም ሲያደርግ፣ በኋላም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲያዘጋጅ፣ የተመካው በአብዛኛው በአምሃ፣ በካይፋና በፊሊፕስ ኢትዮጵያ ሥራዎች ላይ ነው። ከዚህ የሚከተለው ድምዳሜ ለታሪክ ጸሐፊ ከባድ ነው። «ወርቃማው ዘመን» የምንለው ክፍለ ጊዜ ድንበሩ የሙዚቀኞቹ ብቃት የጀመረበትና ያበቃበት ቀን አይደለም፤ የሁለትና ሦስት ሱቆች መደርደሪያ የሞላበትና የተዘጋበት ቀን ነው።

ቀራጩና ተቀባዩ

ሰላም ሥዩም በጊታር፣ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ ያቆሙት አይቤክስ በ1976 ራስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ ሥራዎቹን በስቴሪዮ የቀረጸለት ካርል ጉስታቭ ሉንድግሬን ነው፤ ይህ ስዊድናዊ የድምፅ ባለሙያ አዲስ አበባ በነበረው የሉተራን የብሥራተ ወንጌል ድምፅ ሬዲዮ ጣቢያ ይሠራ ነበር። የሃይማኖት ሬዲዮ ባለሙያ የሆቴል ባንድ ሲቀርጽ ማየት በተቋም ታሪክ ብቻ ለሚመራ ሰው እንግዳ ነው፤ በወዳጅነትና በትውውቅ መረብ ለሚመለከት ግን የሚጠበቅ ነው። ከአይቤክስ የተወለደው ሮሃ ባንድም በ1980ዎቹ ከ250 በላይ አልበሞችን እንዳጀበ የሚነገርለት በካሴት አሳታሚዎችና በሙዚቃ ቤቶች ትከሻ ላይ ቆሞ ነው። የተቀባዩን ሚና የሚያሳየው ደግሞ የዋልያስ ጉዞ ነው፤ ባንዱ በ1981 ከድምፃዊዎቹ ከማህሙድ አህመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር ወደ አሜሪካ ሲሄድ የተጫወተው በብዛት ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ነው። ኃይሉ መርጊያ፣ ሞገስ ሀብቴ፣ መላኬ ገብሬና ግርማ በየነ እዚያው ቀሩ፤ ዮሐንስ ተኮላና ተማረ ሐረጉ ወደ ሂልተን መድረክ ተመለሱ። ባንዱን ለሁለት የከፈለው የሙዚቃ ጠብ አይደለም፤ በአንድ በኩል የደርግ አገዛዝ፣ በሌላ በኩል ቀድሞ የተሰደደ ወገን መኖሩ ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ተሰጥኦ ያለው ሰው በየትም ቢሆን ይወጣል የሚል ነው። የኃይሉ መርጊያ ሕይወት ራሱ መልስ ነው። በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠራው ካሴት በዚያው ሰው፣ በዚያው እጅ የተሠራ ነው፤ ሆኖም በዋሽንግተን አካባቢ ሂልተንን የመሰለ ቋሚ መድረክ፣ አምሃን የመሰለ አሳታሚ ስላልነበረው ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኖረ። ያንን ካሴት አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደገና ሲያሳትመው ኃይሉ በዓለም መድረኮች ታየ፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። በሦስቱ ጊዜያት ተሰጥኦው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዙሪያው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የባንዶቹን መዳከም ደርግ ብቻውን ያስረዳል ይላል። ሰዓት እላፊው፣ ሳንሱሩና ስደቱ ያደረሱት ጉዳት አያከራክርም። ነገር ግን በዚያው አገዛዝ፣ በዚያው ሰዓት እላፊ ሥር አምሃ ሪከርድስ ሲዘጋ ሮሃ አበበ። ፖለቲካው ለሁሉም አንድ ነበር፤ ልዩነቱን ያመጣው ሸክላ አሳታሚው ሲሰደድ የካሴት ነጋዴው መተካቱ፣ ትንሹ ክበብ ሲዘጋ ትልቁ ሆቴል ክፍት ሆኖ መቆየቱ ነው። አገዛዝ ባንድን የሚመታው በአብዛኛው በዙሪያው ባሉ ሰዎች በኩል ነው።

ሦስተኛውና ብርቱው ተቃውሞ እነዚህ ሰዎች በሙዚቀኛው ላብ የከበሩ ናቸው የሚለው ነው። የ1960 የፍትሐ ብሔር ሕግ የድርሰት ባለቤትነትን ቢያውቅም፣ ለተጫዋቹ የተለየ ጥበቃ የሰጠው አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ2004 ነው፤ ከዚያ በፊት መሣሪያ ተጫዋቹ የሚያገኘው በአብዛኛው የዕለት ክፍያውን ነበር። ተቃውሞው እውነት አለው፤ ክርክራችንን ግን የበለጠ ያጠነክረዋል። ዙሪያውን እናጥና ስንል እናወድሰው ማለታችን አይደለም። ከዘፈኑ ማን ምን እንዳገኘ የሚነግረን የድምፃዊው የሕይወት ታሪክ ሳይሆን የአሳታሚው መዝገብና የሆቴሉ ውል ነው። በዳዩን በስሙ ያልጻፈ ታሪክ ለተበዳዩም ሊቆም አይችልም።

መደምደሚያ

ይህ የድሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም ያወጣው የሮክ ስልት ተጫዋቹ ጃኖ ባንድ ከጅምሩ በዙሪያው ሰዎች የታቀደ ባንድ ነበር፤ አዲስ ገሠሠና ባለሀብቱ ኤርሚያስ አመልጋ ከጀርባው ነበሩ፣ አልበሙን ፕሮዲውስ ያደረገው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። የአዲስ ገሠሠ ወንድም ዘለቀ ገሠሠ በቺካጎ የዳሎል ባንድ አባል ነበር፤ ዳሎልም በ1988 የዚጊ ማርሌን «ኮንሸስ ፓርቲ» አልበም ያጀበ ባንድ ነው። አንዱ ወንድም በመድረክ፣ ሌላው በሥራ አመራር፣ ከቺካጎ እስከ አዲስ አበባ የዘረጉት መስመር ጃኖን ሳይጠቅሱ ሊጻፍ እንደማይችል ሁሉ፣ ጃኖም ያለ እነርሱ ሊጻፍ አይችልም።

እንግዲህ ለተመራማሪዎቻችን የሚቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወረድ ብሎ ስድስት ኪሎ ላይ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የብራና ጽሑፍን በሚሰበስብበት ትጋት የሙዚቃ ቤቶችን መዝገብ፣ የሆቴል ውሎችን፣ ዋና ቅጂ ቴፖችንና የቤተሰብ ፎቶግራፎችን ይሰብስብ። አምሃ እሸቴ በ2021 አርፏል፤ የእርሱ ትውልድ አሳታሚዎች፣ ቀራጮችና የክበብ ባለቤቶችም እየተመናመኑ ነው። የድምፃዊው ዘፈን በሸክላ ተቀርጿል፤ የእነዚህ ሰዎች ምስክርነት ግን ዛሬ ካልተቀዳ ነገ የሚቀዳው አይኖርም።