ከዊስኪው በፊት የነበረው ጥናት

የፈረንሳዊው ተመራማሪ የክሎድ ሎሪየስ ስም ሲነሳ አንዲት የዊስኪ ወሬ አብራ ትነሳለች። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።) ጊዜው 1965፣ ቦታው አንታርክቲካ ነው። ሰዎቹ በረዶ ሲቆፍሩ ውለው ማታ ዊስኪ ቀዱ። ፍሪጅ መቼም አያስፈልጋቸውም፤ ከጥልቁ ካወጡት የጥንት በረዶ ሰበር አድርገው ጨመሩበት። በረዶው ሲሟሟ አረፋ እየፈነዳ ይወጣ ጀመር። ሎሪየስ ያኔ ነው አረፋው በረዶው ሲጠጥር ውስጡ ተቆልፎ የቀረ የድሮ አየር ሊሆን እንደሚችል የገባው።

ደስ የምትል ወሬ ናት። እኔን የምታናድደኝ ብቻዋን ስትነገር ነው፤ ሳይንስ የሞቅታ ውጤት ይመስላላ!

ሰውየው እዚያ ብርጭቆ ጋ የደረሰው ዝም ብሎ አይደለም። ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ ለአንታርክቲካ ጉዞ ወጣት ተመራማሪዎች ይፈለጋሉ የሚል ማስታወቂያ አይቶ ተመዘገበ። በ1957 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ከባህር ዳርቻው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ሻርኮ በምትባል ጣቢያ ገባ። ጣቢያ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በረዶ ውስጥ የተቀበረች 24 ካሬ ሜትር የማትሞላ ጎጆ ናት። ሦስት ወንዶች፣ አንድ ዓመት ያህል። ክረምቱ ከገባ ደግሞ መጥቶ የሚያወጣቸው የለም።

ከዚያ በ1963 የዶክትሬት ጥናቱን አቀረበ። ርዕሱ ማንንም በዊስኪ አያስጠራም፦ በበረዶ ውስጥ ያለ ዲዩቴሪየም። ዲዩቴሪየም ከባዱ የሃይድሮጅን ዓይነት ነው። ዲዩቴሪየም ያለበት ውሃ ከተራው ውሃ ስለሚከብድ ደመናው እየቀዘቀዘ ሲሄድ ቀድሞ ይወርዳል። ስለዚህ በጣም ቀዝቃዛ ቦታ የሚወርደው በረዶ ዲዩቴሪየሙ ያነሰ ነው። ይህ ማለት በረዶው ራሱ ቴርሞሜትር ነው ማለት ነው፤ የወረደበትን ዘመን ቅዝቃዜ ይዞ ይቀመጣል። ዴንማርካዊው ዊሊ ዳንስጎርም በኦክስጅን በኩል ተመሳሳይ መንገድ ጀምሮ ነበር።

እንግዲህ አረፋው አየሩን ይናገራል፣ ዲዩቴሪየሙ ሙቀቱን። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። ሁለቱን ለማጋባት ግን በጣም ረጅም የበረዶ ዘንግ ያስፈልግ ነበር፤ እሱ ደግሞ የነበረው ሶቪየቶች ጋ ነው። ቮስቶክ በሚባለው ጣቢያቸው (በጁላይ 1983 ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ የደረሰበት ነው) ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ወርደዋል። በ1984 መጨረሻ ሎሪየስና ጓደኞቹ በአሜሪካ አውሮፕላን እዚያው ሄዱ። አስቡት፤ ቀዝቃዛው ጦርነት ገና አላበቃም፣ በረዶው የሶቪየት፣ አውሮፕላኑ የአሜሪካ፣ ላቦራቶሪው የፈረንሳይ። በዚያ ዘመን ሦስቱን አንድ ሥራ ላይ ያስማማ ሌላ ነገር ብዙ አይመጣልኝም።

ውጤቱ በ1987 ኔቸር መጽሔት ላይ በሦስት ጽሑፎች ወጣ። 160 ሺህ ዓመት ገደማ ወደኋላ፣ ሙቀቱና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አብረው ሲወጡ አብረው ሲወርዱ ታየ። ከሌላ ጉድጓድ የወጣ በረዶ ኋላ ታሪኩን 800 ሺህ ዓመት አደረሰው። በዚያ ሁሉ ዘመን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ሚሊዮን እጅ ከ300 ገደማ አላለፈም። ሎሪየስ ከጎጆዋ በወጣ ሰሞን፣ በ1958፣ 315 ነበር። በማርች 2023 በ91 ዓመቱ ሲሞት ከ420 አልፏል።