ዴስክቶፑን ማን ይቀባ?

የኮምፒውተራችሁ ዴስክቶፕ ቀለም ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ቢቀየር ታስተውላላችሁ? አይመስለኝም። በስክሪን ላይ ያለ ቀለም ሁሉ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ድብልቅ ነው፤ ለእያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ይሰጣል። ሰማያዊውን በ12 ሰዓት ውስጥ ከ0 ወደ 255 ለማድረስ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም በየሦስት ደቂቃው ገደማ አንድ ቁጥር መጨመር ይበቃታል። ይህን ዓይን አይዘውም። ጠዋት ጥቁር የነበረው ማታ ሰማያዊ ሆኖ ይገኛል፤ መቼ ተቀየረ ብትባሉ መልስ የላችሁም።

ጨዋታ ይመስላል። ግን ከጀርባው ታሪክ አለ።

መጀመሪያ ቀለም በራሱ ይቀየር የነበረው ለእኛ ሳይሆን ለመስታወቱ ሲባል ነው። እንደ ሳጥን ወፍራም የነበሩት የድሮ ስክሪኖች አንድ ምስል ለረጅም ጊዜ ከቆመባቸው ጥላው እንደ ጠባሳ ይቀርባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጡት አታሪ 400 እና 800 ለዚህ መላ ነበራቸው፤ ለ9 ደቂቃ ያህል ቁልፍ የነካ ከሌለ ቀለሞቹን ራሳቸው ያፈራርቁ ነበር።

ከዚያ የዊንዶውስ ዘመን መጣ። ያንን የዊንዶውስ 95 አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ዴስክቶፕ የማያስታውስ አለ? ዊንዶውስ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ሴት ሲስ ከለርስ የሚባል ትእዛዝ ይሰጥ ነበር። ማንም ጀማሪ ጥቂት መስመር ጽፎ ዴስክቶፑን ይቀባል፤ ፈቃድ የሚጠይቀው የለም።

በ2009 ማይክል ኸርፍና ሎርና ኸርፍ ፍለክስ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም አወጡ። እሱ የሚቀይረው ዴስክቶፑን ብቻ ሳይሆን መላውን ስክሪን ነው። ያላችሁበትን ቦታ ይዞ ጀምበር የምትወጣበትንና የምትጠልቅበትን ሰዓት ያሰላል፤ ሲመሽ ሰማያዊውን ቀንሶ ስክሪኑን ወደ ብርቱካናማ ይወስደዋል። ማታ ሰማያዊ ብርሃን እንቅልፍን ያርቃልና። (ሰዓታችንን ከንጋት ለምንቆጥር ለእኛ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም።)

ኅዳር ወር 2015 ላይ ሰዎቹ ፕሮግራሙን አይፎን ላይ መጫን የሚቻልበትን መንገድ አሳዩ። አፕል ደንብ ይጥሳል አላቸው፤ አነሡት። በመጋቢት 2016 አፕል ናይት ሺፍት ብሎ ተመሳሳዩን ራሱ ይዞ ቀረበ። ዊንዶውስም በ2017 ተከተለ።

ሐሳብ ባለቤት የለውም የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እስማማለሁ። ስክሪኑን እንደፈለገ የሚነካ ፕሮግራም አደጋ ሊያመጣ ይችላል ብትሉም አልከራከርም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ስልኩን የገዛሁት እኔ ሆኜ ሳለ፣ ስክሪኔን ማን እንደሚቀባው የሚወስነው ሻጩ መሆኑ። ዛሬ ስልክ ብቻ ይዞ የሚያድግ ልጅ ያችን የጥቂት መስመር ፕሮግራም የሚሞክርበት በር ጠቦታል።

አሮጌ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ቤታችሁ ካለ አትጣሉት። ትእዛዙ ዛሬም ይሠራል፤ ልጆቹ ይሞክሩበት።