ማዕድ ቤት ውስጥ የተከፋፈለው በረዶ

የኒውክሌር ጦርነት ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናስበው ቁልፉን የሚጫነውን ሰው ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ከርት ቮኔገት ግን እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው «ካትስ ክሬድል» በተሰኘ አስቂኝ ልብ ወለዱ ዓለምን ያጠፋት ማንም ቁልፍ ሳይነካ ነው።

ቮኔገት ጦርነትን በወሬ አልነበረም የሚያውቀው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1945 የጀርመኗ ድሬስደን በቦምብ ስትነድ ምርኮኛ ሆኖ እዚያው ነበር፤ የተረፈው ቄራ ሥር ባለ ምድር ቤት ውስጥ ሆኖ ነው። በኋላ ጄኔራል ኤሌክትሪክ በተባለው ኩባንያ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ የምርምራቸው ውጤት ማን እጅ እንደሚገባ ግድ የማይሰጣቸው ሳይንቲስቶችን አየ። የልብ ወለዱን ዶክተር ሆኒከርን የቀረጸው ከእነሱ አንዱን፣ የኖቤል ተሸላሚውን ኧርቪንግ ላንግሚዩርን አይቶ ነው።

ሆኒከር የአቶም ቦምብን ከሠሩት አንዱ ነው። ኦገስት 6 ቀን 1945 ሂሮሺማ ስትጋይ እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ ክር እያጠላለፈ ይጫወት ነበር። (በእውነተኛው ታሪክ በዚያች ከተማ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 140,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል።) ልብ በሉ፣ ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ማንንም አይጠላም። አንድ ጄኔራል «ወታደሮቼን ጭቃ አስቸገራቸው» ስላለው ብቻ፣ የነካውን ውሃ ሁሉ በተራ ሙቀት ወደ በረዶ የሚቀይር «አይስ ናይን» የተባለ ነገር ይሠራል።

ከመጽሐፉ ሁሉ የሚያስደነግጠኝ ሆኒከር የሞተበት ምሽት ነው። ሦስቱ ልጆቹ ማዕድ ቤት ገብተው ያንን በረዶ ይከፋፈሉታል። ምን እንደሆነ ያወራሉ፤ መውሰዱ ተገቢ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። እኛ አማና የምንለው ነገር በመካከላቸው ስሙም አይነሳም። ከዚያ ሴቷ ልጅ በድርሻዋ ባል አገኘችበት፤ ታላቁ ወንድም በአንዲት ደሴት ሹመት ገዛበት፤ የታናሹ ድርሻ በወደዳት ዳንሰኛ በኩል ሶቭየት ኅብረት ገባ። በመጨረሻ የደሴቲቱ አምባገነን ሕመሙ ሲጠናበት በረዶውን ቀምሶ ሞተ። በበዓል ትርኢት ላይ የነበረ አውሮፕላን ተከስክሶ ቤተ መንግሥቱ ሲናድ ሬሳው ባሕር ውስጥ ወደቀ። ባሕሩ ረጋ። ወንዙም፣ ጉድጓዱም እንዲሁ።

ታዲያ ተጠያቂው ማነው? መጽሐፉን የሚዘጋ አንባቢ «ሰው ሲፈጠር ቂል ነው፣ ምን ይደረግ» ብሎ ሊተወው ይችላል። በዚህ ላይ ከቮኔገት ጋር አልስማማም፤ ታሪክ ሌላ ምስክር አለውና። ፖላንዳዊው ፊዚክስ አዋቂ ጆሴፍ ሮትብላት ሎስ አላሞስ ውስጥ ቦምቡን ከሚሠሩት መካከል ነበር። የገባበት ምክንያት ሂትለር ይቀድመናል የሚለው ፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ ጀርመን ቦምብ እየሠራች እንዳልሆነ ሲያውቅ ሥራውን ጥሎ ወጣ። ሌሎቹ ቀጠሉ። እነሱም እንደ እሱ የተማሩ ነበሩ፣ ወሬውም ደርሷቸዋል። ሮትብላት እንግሊዝ ተመልሶ የጨረር እውቀቱን ወደ ሕክምና አዞረ። የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘው በ1995፣ ከሂሮሺማ 50 ዓመት በኋላ ነው።