የሚታይ ስምና የተጻፈ ስም፦ የኮምፒዩተር ነባሪ አቃፊዎች ስያሜ አጭር ታሪክ

የግል ኮምፒዩተር ለተጠቃሚው የሚቀርበው ባዶውን አይደለም። ሰነድ፣ ሥዕልና ሙዚቃ የሚቀመጥባቸው አቃፊዎች አስቀድመው ተሰናድተው፣ ስምም ወጥቶላቸው ይጠብቁታል። ነገሩ ተራ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም እነዚህ ነባሪ ስሞች በየቋንቋው የተተረጐሙበት ታሪክ ለቃላት አጥኚና ለተርጓሚ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ያነሣል፤ ይኸውም የተተረጐመው ስሙ ራሱ ነው ወይስ መልኩ ብቻ? የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ስለ መያዣው መጠሪያ ጥቂት እንበል። በ1965 ለመልቲክስ የተነደፈው የፋይል አደረጃጀት የፋይሎችን መያዣ «ዳይሬክተሪ» ይለው ነበር፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ስምና አድራሻ የተዘረዘረበትን ማውጫ ያመለክታል። ዜሮክስ በ1981 ያወጣው ስታር፣ አፕልም በ1984 ያወጣው ማኪንቶሽ የጽሕፈት ቤትን አምሳያ በስክሪን ላይ ሲያመጡ መያዣው «ፎልደር» ተባለ፤ ይህም ወረቀት የሚከተትበት እጥፍ ካርቶን ነው። ፈረንሳዮች «ዶሲዬ» አሉት፤ ይኸው ቃል በእኛ መሥሪያ ቤቶች ከኮምፒዩተር አስቀድሞ «ዶሴ» ሆኖ ሲሠራበት ኖሯል። በአማርኛ ትርጕሞች ደግሞ «አቀፈ» ከሚለው ግሥ የወጣው «አቃፊ» ተለምዷል።

በኤም ኤስ ዶስ ዘመን ስም ከስምንት ፊደልና ከሦስት ፊደል ቅጥያ አያልፍም ነበር። በ1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 ግን እስከ 255 ፊደል ፈቀደ። በዊንዶውስ 98 ላይ «ማይ ዶኩመንትስ» የተባለው አቃፊ የታወቀ ሆነ፤ እስከ 2001ም የሥዕልና የሙዚቃ አቃፊዎች በዚያው «የእኔ» በሚል መነሻ ተከተሉት።

ይህች አንዲት ተውላጠ ስም ተርጓሚዎችን በልዩ ልዩ መንገድ አስኬደቻቸው። ፈረንሳይኛው ጾታንና ቍጥርን ስለሚጠብቅ ለሰነዶች «ሜ»፣ ለሙዚቃ «ማ» ብሎ ለያየ። ጀርመንኛው «የእኔ» ማለቱን ትቶ «የራስ» የሚል ትርጕም ያለውን «አይገነ» መረጠ። አማርኛ ቢሆን ባለቤትነቱን በቃሉ መጨረሻ አድርጎ «ሰነዶቼ» ማለት ይበቃዋል። ከዚህም ሌላ ተውላጠ ስሙ የተናጋሪውን ማንነት ስለሚጠይቅ፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ የአንዱን ተጠቃሚ አቃፊ ለሌላው ሲያሳይ «የእኔ» የሚለውን አንሥቶ የባለቤቱን ስም ይተካ ነበር።

ትልቁ ችግር ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። እስከ ኤክስፒ ድረስ ትርጕሙ በዲስኩ ላይ በእውን ይጻፍ ነበር፤ የፕሮግራሞች ማኖሪያ በጀርመንኛ «ፕሮግራመ»፣ በስፓኝኛ «አርቺቮስ ዴ ፕሮግራማ» ተብሎ ይገኝ ነበር። አንድ ፕሮግራም የአቃፊውን ቦታ ከሥርዓቱ ጠይቆ መረዳት ሲገባው፣ የእንግሊዝኛውን ስም በውስጡ ጽፎ ከመጣ መንገዱ ይጠፋበታል። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ስለዚህ ሁለቱን ለየ፤ በዲስኩ ላይ እንግሊዝኛው ይጸናል፤ በስክሪኑ ላይ ግን በአቃፊው ውስጥ የተሰወረ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ትርጕሙን ያሳያል። ቪስታ «የእኔ» የሚለውን ቢያስቀርም፣ በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 ለዓይን ብቻ መልሶታል። የአፕል ሥርዓትም በተመሳሳይ ስልት የሚታየውን ስም ይተረጕማል፤ ተጠቃሚው አቃፊውን በራሱ ስም ከለወጠው ግን ትርጕሙ ይቀራል።

በ2007 ለሊኑክስ የተሠራው ደንብ ሌላ ጐዳና ያዘ። አቃፊዎቹ በተጠቃሚው ቋንቋ በእውን ይሰየማሉ፤ የትኛው አቃፊ ለምን አገልግሎት እንደ ሆነም በአንድ የመዋቅር ፋይል ይመዘገባል። ተጠቃሚው ቋንቋውን ሲለውጥም ስሞቹ ይለወጡ እንደ ሆነ ሊጠየቅ ይችላል።

ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል? የግእዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ የአቃፊን ስም በአማርኛ መጻፍ የሚከለክል የጸና ምክንያት የለም። ልዩነት ግን አለ፤ በተለመዱት የሊኑክስ የፋይል ሥርዓቶች የአንድ ስም ወሰን 255 ባይት ሲሆን፣ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ ቦታው የሚበቃው ለ85 ፊደል ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ትርጕሙ ለዓይን ብቻ በሆነበት ሥርዓት አማርኛ እንግዳ መሆኑ ነው፤ ተጠቃሚው በስክሪኑ ላይ «ሰነዶች» የሚል ቢያነብም፣ የትእዛዝ መስኮት ሲከፍት የሚያገኘው ያላወጣውንና ምናልባትም የማያነበውን ስም ነው።

ስለሆነም በመዛግብተ ቃላታችን «ስም» የሚለው አንድ ቃል ለሁለቱም ጽንሰ ሐሳቦች ባይውል ይመረጣል። በስክሪን የሚነበበውን «የማሳያ ስም»፣ በዲስክ ላይ የሚጸናውን «የተመዘገበ ስም» ብንላቸው ተርጓሚው የትኛውን እንደሚተረጕም፣ ተጠቃሚውም የትኛውን እንደሚለውጥ ያውቃል። ሁለቱን ሳይለዩ መተርጐም አንባቢውን ለማያገኘው አቃፊ ፍለጋ መላክ ይሆናል።