«ቃሉ ይሰማል ወይ?»

በቤታችን የተነሣው ክርክር መነሻው መገናኛ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከታክሲው ሰልፍ ዳር ላስቲክ አንጥፎ የስልክ ዕቃ ከሚሸጥ ወጣት ሁለት የጆሮ ማዳመጫ ገዛሁ። ሁለቱም ጆሮ ውስጥ የሚወተፉ፣ ጫፋቸው ላይ ለስላሳ ጎማ ያላቸው ናቸው። ዋጋቸው እኩል ነው፤ የሁለቱ ተደምሮም ከአንድ ደህና ምሳ አይበልጥም። «የትኛው ይሻላል?» ብዬ ብጠይቀው ወጣቱ ሣቀና፣ «ወንድም፣ እሱ እንደ ጆሮው ነው» አለኝ። መልሱን ለነጋዴ ማምለጫ ቆጠርኩት። ከአንድ ወር ውጣ ውረድ በኋላ ግን ከዚያ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

ዕቃውን ይዤ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ አባቴ ቤት ወጣሁ። አባቴ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ መምህር ናቸው። አብሯቸው የሚኖረው የእህቴ ልጅ ገና አሥራ ሰባተኛ ዓመቱን መያዙ ነው። ለሁለቱም አንድ አሮጌ ዘፈን በየተራ አስደመጥኳቸው። ልጁ የመጀመሪያውን ሲሰካ አንገቱን መነቅነቅ ጀመረ። «ይሄ ይመታል» አለ። ሁለተኛውን ግን ወዲያው ከጆሮው ነቅሎ «ቆርቆሮ ነው» ብሎ ወረወረው። አባቴ በተራቸው የመጀመሪያውን ሰክተው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ምነው ዘፋኙን ጋን ውስጥ ከተቱት?» አሉ። ሁለተኛውን ሲሰኩ ግን ዓይናቸው በራ። «እህ! ይሄ ነው እንጂ! ቃሉ ይሰማል» አሉ።

ያው ዘፈን፣ ያው ስልክ፣ እኩል ዋጋ፤ ፍርዱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ። እኔም፣ ልናገረውና፣ በልቤ ለአባቴ ፈረድኩ። የዛሬ ልጅ ድምቢጥና ከበሮ እንጂ ግጥም መች ያዳምጣል? ብዬ። ይህ ችኩል ፍርድ ነው እንግዲህ የሀገራችንን የማዳመጥ ታሪክ እንዳገላብጥ የገፋፋኝ።

የተቀረፀ ድምፅ በቤተ መንግሥታችን የተሰማው ገና ዱሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ድምፃቸውን በፎኖግራፍ ቀርፀው ላኩ። ንጉሠ ነገሥቱ መልእክቱን በክብር ቆመው እንዳዳመጡና መድፍም እንዳስተኮሱ ይነገራል። ምኒልክና ጣይቱም በተራቸው ድምፃቸውን ቀርፀው ምላሽ ላኩ። ልብ በሉ፤ የዚያን ቀን ማንም «ቤዙ አነሰ» አላለም። የተፈለገው ቃሉ ነበር፤ ማን ምን አለ የሚለው። ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሀገር ሄዶ ዜማዎቹን በሸክላ ሲያስቀርፅም፣ ሰሚው ከዚያ ጩኸትና ጭረት ውስጥ ለቅሞ የሚያወጣው የግጥሙን ቃል ነበር።

ለቃል ይህን ያህል መጨነቃችን ያለ ምክንያት አይደለም። አማርኛ በመጥበቅና በመላላት ትርጉሙን የሚለውጥ ቋንቋ ነው። «አለ» ሲላላ አንድ ሰው ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ አንድ ነገር ይገኛል ማለት ነው። ሰምና ወርቁም ብዙ ጊዜ የተደበቀው በዚህች የፊደል መጥበቅና መላላት ውስጥ ነው። ድምፁ ከደበዘዘ ሰሙ ይቀራል፣ ወርቁ ይጠፋል። ስለዚህ አባቴ «ቃሉ ይሰማል ወይ?» ብለው ሲጠይቁ የሽማግሌ ግትርነት አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የማዳመጥ ልማድ ነው የሚናገረው።

ይሁን እንጂ ያው ትውልድ ለምት ደንታ ቢስ ነበር ማለት ሐሰት ይሆናል። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ፣ የሸክላ ኅትመት በመንግሥት ፈቃድ ለአንድ ተቋም ብቻ የተሰጠ መሆኑን እያወቀ በድፍረት የራሱን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ የበለጡ ሸክላዎችን አወጣ። የነዚያ ሸክላዎች ነፍስ ቤዝ ጊታርና ድራም፣ ሳክስፎንና ኦርጋን ነው። የዚያ ዘመን ወጣት በየቡና ቤቱ የሚሰበሰበው ቃል ሊለቅም ብቻ አልነበረም፤ ደረቱን የሚመታውን ምት ፍለጋም ጭምር ነበር። አባቴም በጉርምስናቸው ከነዚያ ወጣቶች አንዱ ነበሩ። «ይመታል» የሚለው ቃል የእህቴ ልጅ ፈጠራ አይደለም ማለት ነው።

ከዚያ ካሴት መጣ። በደርግ ዘመን፣ የሰዓት እላፊው የሌሊቱን የሙዚቃ ሕይወት ባቀዘቀዘበት ወቅት፣ ሸክላው ቦታውን ለካሴት ለቀቀ። ካሴት ርካሽ ነው፤ ይገለበጣል። ነገር ግን በተገለበጠ ቁጥር ሽሽታው ይጨምራል፣ ቀጫጭኑ ድምፅ ይበላል፣ የዘፋኙ «ሰ» እና «ፈ» ይደባለቃሉ። የሦስተኛና የአራተኛ እጅ ቅጂ እያዳመጠ ያደገ ሰው (እኔም አንዱ ነኝ) ያንን ድብዝዝ ድምፅ የዘፈኑ ተፈጥሮ አድርጎ ለመደው። ኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሲዲ የአምሃንና የሌሎችን ሸክላዎች ዳግም ሲያሳትም፣ አንድ ወዳጄ አዳምጦ «ጥሩ ነው፤ ግን የኔ ዘፈን አይደለም» ብሎኝ ነበር። የእሱ ዘፈን ሽሽታው ያለበት ነበራ! ጆሮ የሚወደው የለመደውን ነው።

ብቻን ማዳመጥስ መቼ ተጀመረ? ሶኒ ዎክማንን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት የማዳመጫ መሰኪያ ነበረው። የኩባንያው መሪ አኪዮ ሞሪታ አንድ ሰው ጆሮውን ደፍኖ ከጎኑ ያለውን ሰው መርሳቱ ነውር እንዳይሆን ሰግተው ነበር። እንዲያውም ሁለቱ አዳማጮች ማዳመጫቸውን ሳያወልቁ እንዲነጋገሩ የምታስችል ብርቱካንማ ቁልፍ ነበረችው። ሁለተኛው መሰኪያ በኋላ ቀረ። እኛ ጋ ግን ልማዱ አልጠፋም፤ ዛሬም በታክሲ ውስጥ ሁለት ጓደኛሞች አንድ ማዳመጫ ቀኝና ግራ ተካፍለው ሲሄዱ ማየት ብርቅ አይደለም።

ማዳመጫን ከከተማችን ሕዝብ ጋር ያዛመደው ደግሞ ሬዲዮ ነው። በ1992 ዓ.ም. ኤፍ.ኤም. አዲስ 97.1፣ በ2000 ዓ.ም. ሸገር 102.1 ሥርጭት ጀመሩ። በብዙ ስልኮች ላይ ሬዲዮው የሚሠራው ማዳመጫ ሲሰካ ብቻ ነው፤ ሽቦው አንቴና ሆኖ ያገለግላልና። ስለዚህ ዘበኛውም፣ ሊስትሮውም፣ ጉሊት ቸርቻሪዋም ሙዚቃ ወዳድ ሆኑም አልሆኑ ማዳመጫ ገዙ። የሚፈልጉት ወሬና ጨዋታ ነው፤ መመዘኛቸውም ያው «ቃሉ ይሰማል ወይ?» ነው።

ጆሮ ውስጥ የሚወተፈው ዓይነት ታሪክ ግን ከመድረክም ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ጄሪ ሃርቪ የተባለ የድምፅ ባለሙያ ለቫን ሄለን ቡድን ከበሮ መቺ፣ በመድረክ ጩኸት መካከል ራሱን እንዲሰማ፣ የጆሮውን ቀዳዳ ደፍኖ የሚቀመጥ ማዳመጫ ሠራለት። የውጪው ጩኸት ሲታገድ ሙዚቀኛው ድምፁን መቀነስ ይችላል፤ ስለዚህ ነገሩ ለጆሮም እፎይታ ነበር። ያኔ ውድ የነበረው ዕቃ በተለይ በቻይና ፋብሪካዎች አማካይነት ረክሶ ረክሶ ዛሬ መገናኛ ላስቲክ ላይ ተሰጥቷል።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ እንመለስ። ርካሽ ማዳመጫ ላይ ሰዎች የማይስማሙት ለምንድነው? አንደኛው ምክንያት የጎማው ልክ ነው። ጎማው ቀዳዳውን አጥብቆ ካልደፈነ ወፍራሙ ድምፅ ሾልኮ ይወጣል፣ ቀጭኑ ብቻ ይቀራል። ልጁ «ቆርቆሮ» ያለውን ማዳመጫ በትልቁ ጎማ ቀይሬ ብሰጠው ግማሽ ልቡን መለሰ። ሁለተኛው የድምፁ ከፍታ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝግ ሲል ጆሯችን ወፍራሙን ድምፅ አጥርቶ አይሰማም፤ ሲጮህ ግን ወፍራሙ ይጎላል። በቀስታ የሚያዳምጥና አስጩኾ የሚያዳምጥ ሰው አንድ ዕቃ ይዘው ሁለት ዕቃ ይሰማሉ። ሦስተኛው ልማድ ነው፤ ስለ እሱ ከላይ ብያለሁ። አራተኛው ደግሞ ዕድሜ ነው። ይህን አራተኛውን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም።

ክርክሩ ከተነሣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሆኖ፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሦስታችን ወደ እንጦጦ በሚወስደው አቀበት በእግር ወጣን። እንጨት የተሸከሙ እናቶች አጎንብሰው ይወርዳሉ። የባሕር ዛፉ ሽታ ከብርዱ ጋር ይመጣል። ከሥራችን የየካ ሰፈሮች መብራት አንድ አንድ እያለ ይበራል። አባቴ አንድ ድንጋይ ላይ አረፍ አሉና፣ «ዱሮ እዚህ ማታ ማታ ፌንጣው ጆሮ ያደነቁር ነበር። ቤቱ ሲበዛ ፌንጣውም ጠፋ» አሉ።

የእህቴ ልጅ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ፌንጣው ከፊት ከኋላችን ሣሩን ሞልቶ ይጮህ ነበር።

ሁለታችንም አልተናገርንም። በማግሥቱ ግን ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። አባቴ በማዕድ ላይ መጠየቅ ካቆሙ ቆይተዋል፤ እኛ ስንሥቅ ትንሽ ዘግይተው ይሥቃሉ፤ የልጅ ልጃቸውን «አፍህን ከፍተህ ተናገር» እያሉ ይቆጣሉ። እኛ ይህን እርጅና ብለን አልፈነዋል። ሐኪም ዘንድ ወስጄ ሳስመረምራቸው የሆነው እንደ ፈራሁት ነው። ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ የፌንጣው ጩኸት፣ የወፏ፣ ከፊደላችንም «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ተ»። አባቴ «ቃሉ ይሰማል» ብለው የመረጡት ማዳመጫ ያንኑ የጎደላቸውን ቀጭን ድምፅ አጋንኖ ስለሚያወጣ ነበር። ለልጁ ቆርቆሮ የሆነው ለእሳቸው ፊደል ነበር። ከሁለቱ የተሳሳተ የለም፤ ሁለቱም በትክክል የመሰከሩት ስለ ራሳቸው ጆሮ ነው። እኔ ግን ክርክሩን በጣዕምና በትውልድ ፈርጄ፣ የአባቴን ጉዳት እንደ ምርጫ ቆጥሬው ነበር።

ከምርመራው ክፍል ስንወጣ የእህቴ ልጅ ዝም እንዳለ ነበር። በኋላ ስልኩን አውጥቶ የድምፁን መጠን አሳየኝ። እስከ መጨረሻው ተገፍቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር፣ 80 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ አይደመጥ ይላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ድርጅቱ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በዚህ ምክንያት ጆሯቸው ለአደጋ መጋለጡን አስታውቋል። ዕድሜ ከአያቱ በሰባ ዓመት የወሰደውን፣ ልጁ በገዛ ጣቱ በሠላሳ ዓመቱ ሊሰጥ ይችላል። ዕቃው የረከሰ ነው፤ ጆሮው ግን መለዋወጫ የለውም።

ስለዚህ መገናኛ ወርዳችሁ ማዳመጫ ስትገዙ፣ የትኛው ይሻላል ብላችሁ የሰው ምስክርነት ከመፈለጋችሁ በፊት ያ ሰው በምን ጆሮ፣ በምን ያህል ጩኸት፣ ምን ዓይነት ዘፈን ሲያዳምጥ እንደኖረ ጠይቁት። ጎማውንም በልካችሁ ምረጡ። አንድ ሽማግሌም «ይህኛው ይሻላል» ካሏችሁ፣ ከመሣቃችሁ በፊት ስለ ፌንጣው ጠይቋቸው።

አባቴ ሁለተኛውን ማዳመጫ ወስደውታል። ባለፈው እሑድ ሬዲዮ እያዳመጡ አገኘኋቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አንዱን ጆሮ አወለቁና፣ ነገሩን ሲያብሰለስሉት እንደ ቆዩ በሚያስታውቅ ድምፅ፣ «ያ ፌንጣ፣ እንጦጦ ላይ፣ አሁንም አለ እንዴ?» አሉኝ።

«አለ፣ አባዬ» አልኳቸው፣ አጥብቄ።